ፓስፖርትሽ በእጅሽ፣ ክራርሽ በትከሻሽ

(በማኅበራችን የነሐሴ ወር ስብሰባ ላይ ከዱባይ ተራ ነጋዴ እህቶች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ አንዲት ልጃችን ጉዞ ነው። በየተራ ያዘልናት፣ ከሱቃችን ጥግ ካርቶን ላይ እየተኛች ያደገችው የእህታችን ልጅ፣ ዛሬ ክራር ተጫዋች ሆናለች። ለእንቁጣጣሽ ከአንድ ባንድ ጋር ዱባይ ሄዳ ልትጫወት ነው። ከአገር ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። እናቷ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ይዘዋት እንቅልፍ አጥታለች።

እኛ ስለ ሙዚቃ ብዙ አናውቅም። ስለ ዱባይ የመጀመሪያ ቀን ግን እናውቃለን። ተራችን ስሙን ያገኘው ከዚያ በሚመጣው ዕቃ ነው፤ ብዙዎቻችንም ልጆቻችንን ያሳደግነው በዚያው መንገድ ተመላልሰን ነው።

መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ሰባት ሴቶች ነበርን። መንገድ የሚያውቅ አንድ ሰው ይዞን ሄደ። ከቦሌ ተነስተን አራት ሰዓት ያህል በረን ስንደርስ፣ ገና ከአየር ማረፊያው ሳንወጣ «እንዳይጠፋባችሁ» ብሎ ፓስፖርታችንን ሰበሰበ። እኛም አመስግነን ሰጠነው። ዴራ አንድ ክፍል ውስጥ አስገብቶን «አራት ሰዓት ላይ ታች እንገናኝ» ብሎ ሄደ። በማግስቱ በኛ ጠዋት አራት ሰዓት ወርደን ቆምን። እሱ ያለው ለካ የነሱን አራት ሰዓት፣ በኛ አሥር ሰዓት ነው! በዚያ ሙቀት ስንት ሰዓት እንደቆምን እግራችን ይመስክር።

በዚያው ቀን ከመካከላችን አንዷ ልጇ ታሞ ሆስፒታል መግባቱን በስልክ ሰማች። ልመለስ ብትል ፓስፖርቷ የለም፤ የሰውየው ስልክ ዝግ ነው። ሌሊቱን ሰባታችንም ተቀምጠን አነጋን። ጠዋት ሲመጣ ፓስፖርቱን የሰጠን በየሻንጣችን የሱን ዕቃ ለመጫን እሺ ካልን በኋላ ነው። ምን እንደጫንን እስከ ዛሬ አናውቅም። ልጁ ድኗል፣ ተመስገን። ያቺ ሌሊት ግን ከልባችን አልወጣችም።

ስለዚህ ልጃችን፣ የመጀመሪያው ቀን ምክራችን ይህ ነው። ባንድ ማለት አብሮ መሄድ፣ አብሮ መብላት፣ አብሮ መጫወት ነው። ፓስፖርት ግን የጋራ አይደለም። መሪያችሁ ታላቅሽ ቢሆንም፣ ብታከብሪውም፣ «አንተ አትቸገር፣ እኔው እይዘዋለሁ» በይው። በኤምሬትስ ሕግም አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ አይፈቀድለትም። ፎቶውን አንሥተሽ ለእናትሽ ላኪላት።

ቪዛሽ የምን ቪዛ እንደሆነ ከመነሣትሽ በፊት ጠይቂ። በጎብኚ ቪዛ ገብቶ መሥራት እዚያ ክልክል ነው። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሄደው» ቢሉሽ፣ ችግር ሲመጣ ሁሉም አብሮሽ አይቆምም። ስንት ቀን እንደምትጫወቺ፣ ስንት እንደሚከፈልሽ፣ የመመለሻ ትኬቱን ማን እንደሚገዛ በወረቀት ይጻፍልሽ።

ሰዓት ሲነግሩሽ «በኛ ነው በነሱ?» ማለትን አትፈሪ። ዱባይ ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት እንደሚቀድምም አትርሺ።

ዕቃ ማሰርን ደግሞ ከዱባይ ተራ ሴት በላይ ማን ያውቃል? የክራርሽን ጅማት ላላ አድርጊው፤ በጋቢ ጠቅልለን እኛው እናስርልሻለን። ከእጅሽ አይውጣ። በክራሩ ቦርሳ ውስጥ የማንንም «ትንሽ አደራ» እንዳትቀበዪ።

አሁን ወደ እናቷ እንመለስ። እህታችን፣ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራሽ «ሄዳ ብትቀርስ?» የሚለው እንደሆነ እናውቃለን። ፍርሃትሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ዋልያስ ባንድን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሂልተን ለዓመታት የተጫወተው፣ «ሙዚቃዊ ስልት»ን የሠራው። እ.ኤ.አ. በ1981፣ በደርግ ዘመን፣ ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ሄዱ። ከመካከላቸው ገሚሱ ተመለሰ፣ ገሚሱ እዚያው ቀረ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከቀሩት አንዱ ነው። በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ሻንጣ ውስጥ ያስቀምጥና፣ በአየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ1985 ያሳተመው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው፤ እሱም ወደ መድረክ ተመለሰ።

ይህን የምንነግርሽ ልጅሽ ትቀራለች ለማለት አይደለም። ትመለሳለች ብለንም አንምልልሽም። መቅረትም መመለስም የሷ ውሳኔ ነው፤ ዕድሜዋ ደርሷል። የኛ ድርሻ ውሳኔው በርግጥ የሷ እንዲሆን ማድረግ ነው። ፓስፖርቷ በሰው ሣጥን የተቆለፈባት፣ ለመመለሻ ሰባራ ሳንቲም የሌላት ልጅ «ቀረች» አይባልም፤ «ተያዘች» ነው የሚባለው። ያቺን ሌሊት ዴራ ላይ ሰባት ሆነን ያየነው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ለስብሰባው አንድ ሐሳብ አለን። ልጅቱን ለመሸኘት ድግስ እናዋጣ ተብሎ ነበር። ድግሱ ይቅር፤ ቡና ይበቃናል። የሚዋጣው ገንዘብ የአንድ መመለሻ ትኬት ዋጋ ሆኖ በማኅበሩ ሣጥን ይቀመጥ። እሷ በደወለች ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ «ለምን?» ሳንላት ትኬቱ ይቆረጥላት። ሳትፈልገው በሰላም ብትመለስ፣ ገንዘቡ ለሚቀጥለው ልጃችን ይሁን። ጸሐፊያችን ደግሞ የዱባይ ቆንስላችንንና የአቡ ዳቢ ኤምባሲያችንን ስልክ ጽፋ ትስጣት፤ በስልኳ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም።

ልጃችን፣ ክራር የሴት እጅ የለመደ መሣሪያ ነው፤ አስናቀች ወርቁ ስትጫወተው የሰማ ያውቃል። ሄደሽ አጫውቻቸው። እዚያ አዳራሽ ከሚመጡት ውስጥ የሰው ቤት እየሠሩ ዓመት በዓልን ከቤታቸው ርቀው የሚውሉ እህቶች ይኖራሉ። ላንቺ የመጀመሪያ ቀንሽ ነው፤ ለነሱ ስንተኛ እንቁጣጣሻቸው እንደሆነ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ለነሱ ብለሽ በደንብ ምቺው። ስትደርሺ ደውዪልን፤ ሱቅ ዘግተንም ቢሆን እናነሣለን።

ሐሳቡን የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።