ካውያና ስፌት፤ ቁርጥራጭ ጨርቅን ልኩን ጠብቆ ስለ መግጠም



በልብስ ስፌት ቤት መቀስና መርፌ ሲመሰገኑ ካውያ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ልብሱ ለደንበኛው ከመሰጠቱ በፊት ጭምድዱ የሚወጣበት፣ የሥራው መጨረሻ ብቻ ተደርጎ ይታያልና። ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠመ ብርድ ልብስ ለሚሰፋ ባለሙያ ግን ካውያ የሚገባው ከሥራው መካከል ነው። አንዱ ስፌት ተተኩሶ ሳይስተካከል ሌላው ስፌት ሊሻገርበት አይገባም።

በኢትዮጵያ ጨርቅን በጨርቅ ላይ መደረት እንግዳ ነገር አይደለም። ድሪቶ ከችግር የተወለደ ልብስ ነው፤ እራፊው ቀዳዳውን ተከትሎ ይሄዳል። በግጥምጥም ብርድ ልብስ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ አስቀድሞ የተለካ ቦታ አለው። ስለዚህ ሁለቱን የሚለያያቸው የጨርቁ ውድነት ሳይሆን የልኩ መጠበቅ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በየጎኑ 10 ሳንቲሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቁራጭ፣ ለስፌት በየጠርዙ 6 ሚሊሜትር ሲተውለት፣ ተሰፍቶ የሚታየው 8.8 ሳንቲሜትር ይሆናል። እንዲህ ያሉ 12 ቁራጮች በአንድ ረድፍ ሲገጠሙ የሚታየው ርዝመት 105.6 ሳንቲሜትር ነው። ካውያው እስከ ስፌቱ ሥር ሳይደርስ ቀርቶ በግራና በቀኝ 1 ሚሊሜትር እጥፋት ቢቀር፣ አንዱ ስፌት 2 ሚሊሜትር ይሰውራል። በ11 ስፌቶች የሚጠፋው 22 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ ረድፍ በሚገባ ከተተኮሰው ረድፍ ጋር አይገጥምም፤ ሰፊው በግድ ቢስበው ደግሞ ብርድ ልብሱ ይጨማደዳል። መቀሱ አልተሳሳተም፤ መኪናውም አልተሳሳተም፤ ጥፋቱ የካውያው ነው።

መተኮስ ሁለት ዓይነት መሆኑን ተለማማጅ ሁሉ ከመጀመሪያው ሊያውቅ ይገባል። ሸሚዝ የሚተኩስ ሰው ካውያውን ያንሸራትታል። ስፌት የሚተኩስ ግን ካውያውን ያሳርፋል፣ ይጫናል፣ ያነሣል፣ ወደሚቀጥለው ቦታም ያዛውራል። ጨርቅ በድሩና በማጉ አቅጣጫ ሲሳብ ይጸናል፤ በሰያፍ ሲሳብ ግን ይለጠጣል። በሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ ላይ ካውያ የገፋ እጅ፣ ሦስት ማዕዘኑን ሳያውቀው ቅርጹን ያሳጣዋል። እንፋሎት ሲጨመርበት ጉዳቱ ይብሳል።

የሥራው ቅደም ተከተል ቀላል ነው። በመጀመሪያ ሁለቱ ቁራጮች ሳይገለጡ ስፌቱ እንዳለ ይተኮሳል፤ በዚህም ክሩ ወደ ጨርቁ ይሰርጋል። ቀጥሎ የላይኛው ቁራጭ ተገልጦ ከፊቱ በኩል እስከ ስፌቱ መስመር ይተኮሳል። ትርፉ ጠርዝ ወደ ጠቆረው ጨርቅ ቢተኛ በነጣው ውስጥ ጥላ ሆኖ አይታይም። የአንዱ ረድፍ ጠርዞች ወደ ቀኝ፣ የሚቀጥለው ረድፍ ወደ ግራ ከተኙ፣ ረድፎቹ ሲገናኙ ስፌቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ማዕዘኖቹ ይገጥማሉ። ብዙ ስፌቶች በአንድ ነጥብ በሚገናኙበት ቦታ ግን ጠርዙን ለሁለት ከፍሎ መተኮስ ጉብታውን ይቀንሳል። በመጨረሻም ጨርቁ ሳይቀዘቅዝ ከጠረጴዛው አይነሣም፤ የጋለ ጨርቅ የያዘውን ቅርጽ የሚያጸናው ሲቀዘቅዝ ነውና። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ስለ ሙቀቱም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በልብስ ላይ በሚሰፋው የአያያዝ ምልክት በካውያው ሥዕል ውስጥ አንድ ነጥብ ዝቅተኛ፣ ሁለት ነጥብ መካከለኛ፣ ሦስት ነጥብ ከፍተኛ ሙቀት ይፈቅዳል። ቁርጥራጭ ግን ምልክት የለውም። ከጫፉ ጥቂት ክር መዝዞ በእሳት መፈተን ይቻላል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ሱፍ እንደ ጠጉር ይሸታል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይተዋል። በከሰል ካውያ የሚሠራ ባለሙያ ሙቀቱን የሚቆጣጠርለት መሣሪያ ስለሌለው፣ አስቀድሞ በተመሳሳይ እራፊ ላይ መሞከርና አመዱን መጠበቅ ግዴታው ነው። በፊቱና በገበሩ መካከል ባዘቶ ከገባ በኋላ ግን ካውያ ከብርድ ልብሱ ሊርቅ ይገባል፤ የተነፋው ባዘቶ ይጨፈለቃል፤ ከፖሊስተር የተሠራ ከሆነም ሊቀልጥ ይችላል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? አንዲት ደንበኛ የሟች እናቷን ቀሚሶች አምጥታ ብርድ ልብስ እንዲሆኑላት ብትጠይቅ፣ ያን ጨርቅ የሚተካ በየትኛውም ሱቅ አይገኝም። በካውያ የተቃጠለው ቁራጭ በገንዘብ አይካስም። ደንበኛዋ ብርድ ልብሱን በተቀበለች ጊዜ የምታየው ቀለሙን ነው፤ በውስጡ የተኛውን ጠርዝ አታይም፤ ስለ እርሱም አታመሰግንም። ብርድ ልብሱ ግን ታጥቦና ተዘርግቶ፣ ከዓመታትም በኋላ ሳይጨማደድ ሲገኝ፣ የሰፊው ታማኝነት የሚመሰክረው ያ የማይታየው ጠርዝ ነው። ካውያውን ለተለማማጁ የሚያስረክብ ባለሙያም ይህን አደራ አብሮ ሊያስረክበው ይገባል።