እሳት የነሣ ሞተርና ሳይመረመር የሚሰጥ ፍርድ

ዛሬ ማታ ለጥቂት ደቂቃዎች የማነጋግራችሁ በብዙ መሥሪያ ቤት ግቢ ስለሚገኝ፥ ነገር ግን ደኅና እስከ ሠራ ድረስ ማንም ልብ ስለማይለው መሣሪያ ነው። ይኸውም በቤንዚን የሚሠራው የሣር ማጨጃ ሞተር ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚህ ትንሽ ሞተር ምክንያት የአንድ ሰው ስም ሲጎድፍ፥ ደመወዙም ሊነካ ሲቃረብ በዐይኔ ስላየሁ፥ ቀላል ነው ብዬ ለማለፍ አልቻልሁም።

ባለፈው ዓመት በመስከረም ወር ለሥራ ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ወርጄ ነበር። ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል ከነበረችው ከጭሮ ተነሥቼ፥ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ በደሳ ደረስሁ። የጨርጨር ደጋ በዚያ ወቅት ምን እንደሚመስል ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ክረምት ያጠገበው መሬት ቡናውንም፥ ጫቱንም፥ ማሽላውንም፥ ሣሩንም ሳያዳላ ያበቅላል። በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ የበቀለው ሣር ከጉልበት አልፎ ነበር። ማጨጃው በመጋዘኑ በር ላይ ቆሟል። በአጠገቡም የግቢው አትክልተኛ፥ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ጊዜ የቀራቸው አዛውንት፥ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

«ምን ሆነው ነው አባባ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፥ ሞተሩ ዝም አለ። ከድንጋይ ጋር አጋጭተህ ሰብረኸዋልና ክፈል ተባልሁ። እኔ ድንጋይ አልመታሁም፤ ምስክር ግን የለኝም» አሉኝ።

በጽሕፈት ቤቱ እንደ ተረዳሁት፥ ጥፋቱ በጽሑፍ ሰፍሯል፤ የአዲስ ኮይል ዋጋ ከድሬ ዳዋ ተጠይቋል፤ ወጪውም ከአትክልተኛው ደመወዝ በየወሩ እንዲቀነስ የቀረበው ሐሳብ አንድ ፊርማ ብቻ ይጠብቃል። ሞተሩን ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ፈትቶ ያየው ሰው አልነበረም። እኔም ለመሥሪያ ቤቱ ኀላፊ፥ «ፊርማውን ለነገ ያቆዩልኝ» ብዬ ለመንሁና፥ ጫትና አትክልት በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎችን የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚጠግን አንድ ወጣት ከከተማው አስጠራን።

ክቡራን አድማጮች፤ ወጣቱ የሠራውን ከመናገሬ በፊት፥ ሞተሩ የሚነሣበትን ምክንያት በአጭሩ ላስረዳ። የቤንዚን ሞተር ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛው ከአየር ጋር በልክ የተቀላቀለ ቤንዚን ነው፤ ሁለተኛው ድብልቁን የሚያምቀው የፒስተኑ ግፊት ነው፤ ሦስተኛው በሰዓቱ የሚደርስ እሳት ነው። በናፍጣ የሚሠራው የእህል ወፍጮ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው አየሩ ታምቆ ከሚያገኘው ሙቀት የተነሣ ነውና። የቤንዚኑ ሞተር ግን ካንዴላው እሳት ካልሰጠ ቤንዚን ቢሞሉትም፥ ገመዱንም ቀኑን ሙሉ ቢስቡት አይነሣም። ካንዴላ የሚለውን ቃል ከኢጣልያንኛ የወሰድነው ሲሆን፥ በዚያው ቋንቋ ሻማ ማለትም ነው። ሻማው ካልበራ ቤቱ ጨለማ እንደሚሆን መቍጠር ነው።

እንዲህ ያለው ትንሽ ሞተር ለእሳቱ ባትሪ አይሻም። ገመዱ ሲሳብ ቮላኖው ይዞራል፤ በቮላኖው ላይ የተተከለው ማግኔትም በኮይሉ አጠገብ ሲያልፍ በሽቦው ጥቅል ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሣል። ይህን የተፈጥሮ ሕግ እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ገልጦታል። በከፍተኛ ቮልት የሚሠራው ማግኔቶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1902 በጀርመን አገር ከሮበርት ቦሽ ፋብሪካ ወጣ፤ ይኸውም የምድር ባቡር ሐዲድ ድሬ ዳዋ የደረሰበት ዓመት ነው። ኮይሉ ኤሌክትሪኩን ከ10,000 ቮልት በላይ አድርሶ ወደ ካንዴላው ይልከዋል። ሞተሩን ለማጥፋት ስንፈልግ ግን አንዲት ቀጭን ሽቦ ኮይሉን ከሞተሩ ብረት ጋር ታገናኘዋለች፤ ኤሌክትሪኩም ወደ ብረቱ ፈስሶ ይቀራል፤ እሳቱም ይጠፋል። ይህችን ቀጭን ሽቦ በልባችሁ ያዙልኝ።

ወጣቱ ሥራውን የጀመረው ከጥንቃቄ ነው። ምላጩ ሳይታሰብ ዞሮ እጅ እንዳይቈርጥ፥ ማንኛውንም ነገር ከመንካቱ በፊት የካንዴላውን ቆብ ነቀለ። የቤንዚኑን ክዳን ዘጋ፤ የፈሰሰውን ቤንዚን ጠረገ፤ በአጠገቡ ሲጋራ የያዘውን ሰው አራቀ። ከዚያም ካንዴላውን ፈታ። ጫፉ እርጥብ ሆኖ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። «ቤንዚኑ ደርሷል፤ የጐደለው እሳት ነው» አለ። ደረቅ ሆኖ ቢያገኘው ኖሮ ምርመራውን ወደ ካርቡራተሩ ያዞር ነበር።

ቀጥሎ የካንዴላውን ቀዳዳ በደረቅ ጨርቅ ደፈነ። ካንዴላውን ከቆቡ ጋር መልሶ አገናኘና፥ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር በፒንሳ አስጠግቶ፥ በጥላ ስፍራ ገመዱን አሳበ። ብልጭታ አልታየም። አዲስ ካንዴላ፥ ክፍተቱ 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ፥ በምትኩ አደረገ፤ አሁንም የለም። እንግዲህ ካንዴላው ከክስ ነፃ ወጣ ማለት ነው። ወፍራሙን ሽቦና ቆቡን ቢመረምር ስንጥቅ አላገኘም። የቮላኖውን ክዳን አነሣ፤ ክረምቱ በማግኔቱ ላይ ያወጣውን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ጠረገ። በማግኔቱና በኮይሉ መካከል ያለውን ክፍተት ለመለካት ከእኔ የስም ካርድ ተቀብሎ በመካከሉ አስገባ፤ ክፍተቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ፥ ማለት የአንድ የስም ካርድ ውፍረት ያህል፥ መሆን አለበትና። ልኩ ደኅና ነበር። እሳቱ ግን አልመጣም።

በዚህ ጊዜ ከከበቡን ሰዎች አንዱ፥ «ያው ኮይሉ ሞቷል አላልንም?» አለ። ወጣቱም ሳይመልስለት ያችን ቀጭን የማጥፊያ ሽቦ ከኮይሉ ላይ ነቅሎ ገመዱን እንደ ገና አሳበ። በካንዴላው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ጠሰጠሰ። ኮይሉ ሕያው ነበር። ሽቦዋን በጣቱ እየተከተለ ሲሄድ፥ በክዳኑ ጠርዝ ሥር ልባሷ በሞተሩ ንዝረት ተፍቆ፥ ራቁቷን ከብረቱ ጋር ተጣብቃ አገኛት። ሞተሩ ያለማቋረጥ «ጥፋ» የሚል ትእዛዝ ይደርሰው ነበር ማለት ነው። ስፍራውን በናስትሮ ጠቅልሎ፥ ከጠርዙ አርቆ አሰራትና ወደ ቦታዋ መለሳት። ነቅሎ ቢተዋት ሞተሩ ይነሣ ነበር፤ ነገር ግን በአደጋ ጊዜ ማጥፊያ አይኖረውም፤ ይህ ደግሞ የሰው እጅና እግር የሚያስከፍል ስንፍና ነው።

ስለ ድንጋዩም ጠየቅሁት። ምላጩ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ብዙ ጊዜ የሚቈረጠው ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የሚይዘው ትንሽ ሽብልቅ እንደ ሆነ አስረዳኝ። ሽብልቁ ሲቈረጥ እሳቱ አይጠፋም፤ ጊዜውን ስቶ ይመጣል እንጂ። ቮላኖውን ፈትቶም አሳየን፤ ሽብልቁ ደኅና ነበር፤ ምላጩም አልተጐረደም። እንግዲህ አዛውንቱ የጐደላቸውን ምስክር ሞተሩ ራሱ ሰጠ።

ገመዱ ሁለት ጊዜ ተሳበ፤ በሁለተኛው ሞተሩ ተነሣ። ኀላፊውም በሠራተኞቹ ፊት፥ «አባባ፥ ይቅርታ ያድርጉልን» ብለው ወረቀቱን ሰረዙ። አዛውንቱ ብዙ አልተናገሩም፤ ማጨጃውን ይዘው ወደ ሣሩ ሄዱ።

ክቡራን አድማጮች፤ ከዚህ ነገር ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው የሥራ ትምህርት ነው። ሞተር እሳት ሲነሣ ካንዴላውን፥ ቀጥሎ ወፍራሙን ሽቦ፥ ቀጥሎ ማግኔቱንና ክፍተቱን፥ ከዚያም የማጥፊያውን ሽቦና ማብሪያውን በተራ መመርመር ይገባል። በአንዳንዱ የውሃ መሳቢያ ሞተር ደግሞ ዘይት ሲያንስ እሳቱን የሚያቋርጥ ጠባቂ ስላለ፥ ዘይቱን አስቀድሞ ማየት ነው። ኮይል መግዛት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም።

ሁለተኛው ትምህርት ለእኛ በወረቀትና በፊርማ ለምንሠራ ሰዎች ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። የፈሰሰ እህል ግን ይለቀማል፤ የጎደፈ ስም በቀላሉ አይለቀምም። በግቢያችን አንድ መሣሪያ ዝም ባለ ጊዜ፥ ማን ሰበረው ከማለታችን በፊት ምኑ ተሰበረ ብለን እንጠይቅ። የንብረት ጠባቂነታችን ሰውንም መጠበቅ መሆኑን አንርሳ።

በዚሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ። ደኅና እደሩ።