ኢስሊ የተዘጋችበት ወር



ስለ መንፈስ ዕረፍት እንድንናገር ተጠይቀናል። እኛ ባለሱቆች ስለ ዕረፍት ምን እናውቃለን? እሑድ እንኳ ቅዳሴው ሳያልቅ ወጥተን በር የምንከፍት ነበርን። ትስቃላችሁ፤ ዱቤ የምትጠይቁን ግን በዚያው እሑድ ነበር።

በ2020 እ.ኤ.አ. በወረርሽኙ ጊዜ፣ ሜይ 6 ቀን፣ መንግሥት ኢስሊን ዘጋ። መግባትም መውጣትም ቀረ። የልብስ ሱቆቻችን አንድ ወር ተቆለፉ፤ ኪራዩ ግን አልተቆለፈም። ቤተ ክርስቲያንም ዝግ ስለነበር የምንጽናናበት አጣን። እውነቱን እንናገርና ከመካከላችን እግዚአብሔርን ተቀይመን ጸሎት ያቆምን ነበርን።

በግቢያችን የሚኖሩ አንዲት እናት ዳዊታቸውን አወጡ። ዓይናቸው ስለደከመ በየተራ እናነብላቸው ጀመር። መጀመሪያ የዕለቱን ሳንጨርስ እናንጎላጅ ነበር፤ እሳቸው በቃላቸው ስለሚያውቁት መስመር ስንዘል ይይዙናል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሌሊት ኪራይ እያሰሉ መገላበጥ ቀረልን። ዕዳው አንድ ሽልንግ አልቀነሰም፤ እንቅልፉ ግን መጣ።

በጁላይ አብያተ ክርስቲያናት እንዲከፈቱ ሲፈቀድ፣ ለአንድ ሰዓትና ለ100 ሰው ብቻ ሆነ። ከ58 ዓመት በላይ የሆነ አይገባም ተባለ። ቅዳሴያችን በአንድ ሰዓት እንደማያልቅ ታውቃላችሁ። ከሁሉ የከበደን ግን ዳዊት ያስደገሙን እናት ከደጅ መቅረታቸው ነው። እኛም ስንወጣ ወደ ሱቅ አልሄድንም፤ እሳቸው ቤት ገብተን ካቆምንበት ቀጠልን።