የመኪናውን መብራት ማን ይክፈል?



መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ነገር የአዲስ አበባ ሰው ወሬ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ከዚያ እስከ ሐይቅ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሲመለስ ደግሞ የጣርማ በር ዳገት አለ። ብዙው መኪና ባንድ ሙሌት አይዘልቀውምና መንገድ ላይ መሙያ ያስፈልጋል። ማን ይሥራው?

አዲስ አበባ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 መሙያ ከፍቷል፤ የሚከፍለው የሞላው ሰው ነው። እኛ ዘንድ ግን «መንግሥት ይሥራው» የሚል አይጠፋም። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በ4 ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። የመሙያው ወጪ እዚያ ላይ ከተደረበ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ መበለት ለባለመኪናው ከፈለችለት ማለት አይደለም ወይ? የሕዳሴው ግድብ ሌላ ነው፤ ቦንድ የገዛነው መብራቱ ለሁሉም ነው ብለን ነው።

ድንኳናችንን አባል ያልሆነ ሲወስደው ኪራይ ይከፍላል፣ በኪራዩ የተቀደደው ይሰፋል። ይኸም እንደዚያው ይሁን። መብራት ኃይል መስመሩንና ትራንስፎርመሩን ያምጣ፤ ማሽኑን ማደያ ወይም ሆቴል ያለው ነጋዴ ይትከል፣ የትራንስፎርመሩንም ዋጋ ቀስ እያለ ይመልስ፤ ሾፌሩ በቆጠረበት ልክ ይክፈል። ለሕዝብ ማመላለሻ ቅናሽ ቢደረግ አልቃወምም፣ እሱን ሁላችንም እንሳፈራለን።

«ከእድሩ ካዝና ይዋጣ» ለሚሉት ወንድሞች፦ ያ ገንዘብ የቀብር ነው። ሐሳቡ ለጠቅላላ ጉባኤ ከቀረበ እጄን የማወጣው በተቃውሞ ነው።