ስላይጎ ክሪክ ዳር

እሱ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ወላጆች፣ ቅዳሜና እሁድ ልጆቻችሁን ስላይጎ ክሪክ ጅረት ዳር ውሰዷቸው። ከጅረቱ ጎን ያለው የመኪና መንገድ ከፈረንጆቹ 2020 ወዲህ በሳምንቱ መጨረሻ በከፊል ለመኪና ይዘጋል። ብስክሌት ለመልመድ ከዚህ የሚሻል ቦታ አላውቅም።

እሷ፦ እኔን የሚያሳስቡኝ እናቶቻችን ናቸው። የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ከአገር ቤት መጥተው አፓርታማ ውስጥ ይዘጋባቸዋል።

እሱ፦ እንግሊዝኛ አንችልም ብለው ይፈራሉ እኮ።

እሷ፦ ለእግር መንገድ ምን እንግሊዝኛ ያስፈልጋል? የእግረኛው አስፋልት ጅረቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ በመጡበት መመለስ ነው። ጋሪ እየገፉ ሲሄዱ ሌላ ነጠላ የለበሰች እናት ያገኛሉ፤ ጨዋታው እዚያው ይጀመራል። ብቻ የመጀመሪያውን ቀን አብራችኋቸው ውጡ፤ መሻገሪያዎቹን አሳዩዋቸው።

እሱ፦ ዝናብ ከጣለ በኋላም ጅረቱ ቶሎ ስለሚሞላ ልጆቹን ከውሃው አርቁ።