ቆጣሪው ቤታችን ሲመጣ



በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጊዜ ቆጣሪው እኛ ቤት መጥቶ «አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲል ጠየቀ። «አልሐምዱሊላህ፣ የለም» አልነው። አያቴ ውስጥ መስገጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ዓመታት ስላለፉ ለውዱእ የሚወጡት ግድግዳ እየዳበሱ ነው። መዋሸታችን አልነበረም፤ እርጅና ነው ብለን እንጂ። ልጃቸውን ከእንግዳ ዓይን ጓዳ የሚደብቁ ወላጆችም አሉ። የእነርሱ ሐፍረት ነው፤ ግን አላህ በሰጠው ልጅ ምን ያሳፍራል?

የዚያ ቆጠራ ውጤት አካል ጉዳተኞች 800 ሺህ ገደማ፣ ማለትም ከመቶ ሰው አንድ ያህል ናቸው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ግን በዓለም ላይ ከ6 ሰው አንዱ ጎላ ያለ ጉዳት አለበት። ይህ ሁሉ ልዩነት እኛ ጤነኞች ስለሆንን ነው? አይመስለኝም። ጥያቄውም መልሱም ጎድሎ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው የዋሽንግተን ቡድን የተባለ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ስብስብ ለዚህ ችግር ስድስት ጥያቄዎች አዘጋጅቷል። «ጉዳተኛ» የሚለው ቃል በአንዱም ውስጥ የለም። መነጽር አድርገውም እንኳ ለማየት ይቸገራሉ? ለመስማትስ? ለመራመድ ወይም ደረጃ ለመውጣት? ለማስታወስ? ለመታጠብና ለመልበስ? ከሰው ለመግባባት? መልሱም «አለ» ወይም «የለም» ሳይሆን፦ አልቸገርም፣ ትንሽ፣ በጣም፣ ወይም ጭራሽ አልችልም የሚል ነው። አያቴን እንዲህ ብሎ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ ይቆጠሩ ነበር።

አንድ ወረዳ ማየት የተሳናቸው ልጆች ስንት እንደሆኑ ካላወቀ ለብሬል መጽሐፍና ለመምህር በጀት አይዝም። «እዚህ የሉም» ይላል፤ ወረቀቱም ይመሰክርለታል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 መረጃ መሰብሰብን ግዴታ ያደረገው በከንቱ አይደለም።

መቁጠር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እስልምናን የተቀበሉ ሰዎች ተመዝግበው እንዲቀርቡላቸው ማዘዛቸውንና 1500 ወንዶች መጻፋቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ዐይነ ስውሩ ሰሓባ ዐብደላህ ኢብን ኡሙ መክቱምም የመስጊዳቸው ሙአዚን ነበሩ። ዛሬ በየጀመዓችን ኹጥባውን የማይሰሙት ስንት ናቸው? የውዱእ ቦታው ደረጃ አስቸግሯቸው ቤት የቀሩትስ? ስድስቱን ጥያቄዎች ይዞ ሰፈሩን ለመዞር ሁለት ወጣቶችና አንድ ደብተር ይበቃሉ። እናንተ ቤት ሲመጡ አያትንም፣ ጓዳ ያለውንም ልጅ ጥሩላቸው፤ ራሳቸው ይመልሱ።