ምጥናችን ቀለም አያስፈልገውም
(በአሊዩ አምባ የማኅበራችን አባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የልጆች ምጥናችንን ተረክቦ የሚሸጥልን ባለሱቅ ያለንን ሰምታችኋል። «መልኩ ገርጥቷል፤ ትንሽ ቢጫ ቀለም ጣል አድርጉበት፤ ልጆቹ ራሳቸው እናቶቻቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ» ነው ያለን። ለክፋት አይደለም፤ ገበያውን አይቶ ነው። ዛሬ እጅ አውጥተን ከመወሰናችን በፊት ግን የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ከዓረብ አገር የተመለሰች እህቴ ለልጄ በካርቶን የታሸገ የቁርስ ምግብ አመጣችላት። ቀለበት ቀለበት የሚመስል፣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ነው። ወተት ሲፈስበት ወተቱም አብሮ ቀላ። በማግስቱ ገንፎ ባቀርብላት «ይኼማ ቀለም የለውም» ብላ ገፋችው። ያን ቀን ካርቶኑን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ።

በደቃቅ ጽሕፈት፣ ከፈረንጁ «ኢ» ፊደል ቀጥሎ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ዘመዴን ጠየቅኋት። እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፦ እ.ኤ.አ. በ2007 የእንግሊዝ አገሩ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልጆችን አንድ ጊዜ ቀለምና ማቆያ የተቀላቀለበት፣ ሌላ ጊዜ ያልተቀላቀለበት መጠጥ እያጠጡ አወዳደሩ። ቅልቅሉን ሲጠጡ ልጆቹ በአማካይ ይበልጥ ተቅበጠበጡ። ከዚያም ከሐምሌ 2010 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት 6 ቀለሞች በገቡበት ምግብ ላይ የልጆችን ትኩረት ሊጎዳ እንደሚችል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ።

ቁጥሮቹ 102፣ 104፣ 110፣ 122፣ 124 እና 129 ናቸው። ፊደል ያልቆጠርን ብንኖር እንኳ ቁጥር የማታውቅ ገበያተኛ የለችም። የአሜሪካ ዕቃ ሲሆን በቁጥሩ ፈንታ «ሬድ 40»፣ «የሎ 5»፣ «የሎ 6» ይላል። ቁጥር ሁሉ ግን ክፉ አይደለም፤ 100 ከእርድ፣ 162 ከቀይ ሥር የሚወጣ ቀለም ነው።

መርዝ ነው ብዬ ላስፈራራችሁ አልፈልግም። ውጤቱ በሁሉም ልጅ ላይ እኩል አልታየም፤ በመጠን እንዲገባ የፈቀዱ አገሮችም ብዙ ናቸው። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ቀለሙ ለልጁ ምን ይጨምርለታል? አያጠግበው፣ አያሳድገው። ያልገባበትን ፍራፍሬ የገባ ያስመስላል እንጂ።

የእኛን ምጥን ተመልከቱ። ማሽላው ከቆላው፣ ገብሱ ከአንኮበር ደጋ፣ ማሾው ከሸዋ ሮቢት በኩል ነው። 3 እጅ እህል በ1 እጅ ጥራጥሬ መጥነን፣ ለቅመን፣ አጥበን፣ አድርቀን፣ አምሰን እናስፈጫለን። ልጅ ቀለም ካማረው የተቀቀለ ካሮት ወይም ዱባ ደቁሶ ገንፎው ውስጥ መጨመር፣ የበሰለ የእንቁላል አስኳል መፈርፈር፣ ፓፓያ ቆራርጦ ከጎን ማድረግ ይቻላል። የሚንኮሻኮሽ ነገር ለሚወድ ትልቅ ልጅ የማሽላ ፈንድሻ በወተት ይሆነዋል፤ ለሕፃን ግን ያንቃልና አይሰጥ። ዓመት ላልሞላው ማርም አይጨመርበት።

ቀለም ካልገባበት ሽያጫችን ሊዘገይ ይችላል። የብድራችን መክፈያም እየቀረበ ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን በርበሬ ላይ ባዕድ ነገር ተጨመረ ሲባል ቀድመን የምንጮኸው እኛው ነን። የምንሸጥላቸውም እንደኛው እናቶች ናቸው። አንዴ እምነታቸውን ካጣን ምን ሸጠን እንመልሰዋለን?

ስለዚህ 3 ነገር እንድንወስን እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ምጥናችን ውስጥ ቀለም እንዳይገባ። ሁለተኛ፣ ከረጢቱ ላይ የገባው እህል ሁሉና የተፈጨበት ቀን እንዲጻፍ። ሦስተኛ፣ በገበያ ቀን ገንፎውን በካሮት አገንፍተን ልጆችን እንድናስቀምስ። ደጋፊዎቻችን ደግሞ በማሸጊያውና በኅትመቱ ብታግዙን ባለሱቁ የሚፈልገው ውበት ከውጭ፣ ከከረጢቱ ላይ ይሆናል።

ልጄ ያን ካርቶን አሁንም አልፎ አልፎ ታነሣብኛለች። ካሮት የገባበትን ገንፎ ግን ጨርሳ ትነሣለች። ኢንሻአላህ የሌሎቹም ልጆች እንዲሁ ይሆናሉ።